ዳግመኛ ሊለኩልን ሲመጡ በመንገድ የቀሩት አቶ ነገራ ሌታ

የአምቦ ወፍጮ ቤት ሠራተኞች መረዳጃ ማህበር ለአባላቱ፣ ለጉደርና ለጊንጪ ባልደረቦቹ፣ ለከተማውም ሕዝብ የሚናገረው ክፉ ወሬ አለው። የወፍጮ ቤቶቻችንን ብናኝ ይለኩልን የነበሩት አቶ ነገራ ሌታ ዓርብ ጥር 14 ቀን 1963 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ የተሳፈሩበት አውቶቡስ አዲስ ዓለምን አለፍ ብሎ ተገልብጦ ሞተዋል። ማህበሩ አዝኗል። ተናዷልም።

እኛ ኦቦ ነገራ የምንላቸው እኚህ ሰው የጊንጪ ተወላጅ ናቸው። ሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰር ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቀጥረው የብናኝ ልኬት ተማሩ።

በ1958 ዓ.ም. ወደኛ መጡ። "ወፍጮ ቤት ዱቄት ያለ ነው፣ ምኑ ይለካል?" ብለን ስንቀልድባቸው "ዓይን የሚያየውማ መሬት ይወርዳል፤ ደረት የሚገባው የማይታየው ነው" ይሉን ነበር። መሣሪያቸው በትንሽ ፓምፕ አየር እየሳበ ብናኙን ወረቀት ላይ ያስቀራል፤ ከዚያ ወረቀቱ ይመዘናል። ሁሉም ጋ መድረስ ስለማይችሉ፣ ሰው እህል ማፍሰሻው ጋ ስንት ሰዓት፣ ዱቄት መውረጃው ጋ ስንት ሰዓት እንደሚቆም እየጠየቁ፣ ያልተለካው ሰው በቀን የሚስበውን በሒሳብ ያወጡ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. የኛ ባለ ወፍጮ "ቁጥሩ ከፍ ካለ አየር ማስወጫ አስገባለሁ" ብሎ ቃል ገባ። ኦቦ ነገራ ይመጣሉ ሲባል፣ እንግዳ ነውና ቤቱን ጠርገን፣ ውሃ ረጭተን፣ ሣር ጎዝጉዘን ጠበቅናቸው። ደጃፉ ላይ ቆሙና "እናንተ ሰዎች፣ እኔን ነው የተቀበላችሁት ወይስ አቧራውን የሸኛችሁት?" አሉ። ሳቅን። መሣሪያው የተፈቀደላቸው ለዚያች ቀን ብቻ ስለነበር ለኩ፤ ቁጥሩ ዝቅ አለ። ባለ ወፍጮው "አየሬ ንጹህ ነው" ብሎ ነገሩን ተወው። እሳቸው "ይሄ የሠርግ ቀን ልኬት ነው፣ ይደገም" ብለው ለአለቆቻቸው አመለከቱ። ማን ሰምቶ!

ሁለት ዓመት ሙሉ ለምነው በስንት መከራ ተፈቀደላቸው። የሞቱትም ለዚሁ ሲመጡ ነው። መሣሪያው አብሯቸው ተሰባብሯል። ሌላ እንዲላክልን መሥሪያ ቤታቸውን ብንጠይቅ "እናንተ ጋ አንዴ ተለክቷል" ተባልን።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሸዋገነት፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ጓደኞቻቸው፦ እናንተ ሰው አጣችሁ፣ እኛ ሰውም ተስፋም አጣን። መጽናናቱን እናንተ አግኙት፤ እኛ ጋ የለም።

ቅዳሜ ለቀብራቸው ወፍጮው እንዲቆም ብንጠይቅ ባለ ወፍጮው "ገበያ ቀን ነው" አለን። ዘግተን ሄድን። ሰኞ ግን ልጆቻችን መብላት አለባቸውና ተመልሰን ገባን። ይሄን ልኬት ከሁላችን በላይ ስትጠብቅ የነበረችው አባላችን ጉዴ አመዩ ሳሏ ጆንያ ማንሳት ከልክሏታል። አሁንም እህል ማፍሰሻው ጋ ቆማለች።

የማህበሩ ሥራ አመራር
አምቦ