አሮጌው ውሃ አይደፋም

ጃንዋሪ 19፣ 2021፣ ጧት
ሁለት ሲቪ ላክሁ። አንዱ ሰመርሊን ላለ ቢሮ። ዘንድሮ ዲግሪዬ ሥራ ይሠራል፣ እይ ብቻ። ከዚያ የሚስስ ፓንን ውሃ ጨመርኩ።

ሳልነግርህ፣ ደብተሬ። ጎረቤታችን ሚስስ ፓን ሆስፒታል ገቡ። ኮቪድ። አምቡላንሱ ሲወስዳቸው አንድ ማሰሮ አስታቀፉኝ። የማካታኦ ነገድ ሰው ናቸው፣ ከታይዋን ገጠር። መንደራቸው ያለው መቅደስ ምስል የለውም፤ ውሃና ቅጠል ያለበት ማሰሮ ብቻ። ‘አሮጊቷ እናት’ የሚሏት እዚያ ናት። የታመመ፣ የተጣላ፣ የወለደ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ይሄዳል። ያን ውሃ በሻምፑ ጠርሙስ ይዘው ነው ቬጋስ የገቡት። ሕጉ፦ አሮጌው አይደፋም፤ አዲስ ይጨመርበታል። እንደ እርሾ። መቅደሱ ደጅ በየዓመቱ እስከሚጨፈርበት ሌሊት፣ ፌብሩዋሪ 26፣ አደራ አሉኝ። እሺ አልኩ። አፌ ይፈጥናል።

ጃንዋሪ 24፣ እሑድ
እማዬ ሳሎን፣ በዙም ቸርች ላይ። ማሰሮው የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ እንዳታየው። ውሃው አንሷል። በረሃ ነው፣ ገባኝ። ግን ክዳን አለው።

ፌብሩዋሪ 3
ሚስስ ፓን ሞቱ። ማንም አጠገባቸው አልነበረም።
ግድግዳው ማዶ ስሊፐር ይጎተታል። የእሳቸው አረማመድ። የቤታቸው ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ሄጄ ቼክ አደረግሁ። ባዶ ቤት።

ፌብሩዋሪ 20
እማዬ አገኘችው። አንቺ ልጅ፣ ጣዖት በቤቴ? አደራ ነው፣ የሟች ነው አልኳት። እሱማ ነው የባሰው! አለች። ካዚኖው ሺፍቷን ከቀነሰባት ወዲህ ጾም ጸሎት ላይ ናት።
የዙም ኢንተርቪው ጨርሼ ስወጣ ማሰሮው በሳሙና ታጥቦ ተደፍቷል። ውሃውስ? በረንዳ ላይ፣ ጤና አዳሟን አጠጥታበታለች። ማባከን አትወድም።
ጮህኩባት። አለቀሰች። እኔም።

ፌብሩዋሪ 25
ነገ ንጋት የሚስስ ፓን ወንድም ይደውላሉ፣ በቪዲዮ። የመቅደሱ ጠባቂ ናቸው። ታይዋን ያኔ ማታ ነው። ማሰሮውን ማየት ይፈልጋሉ፤ ከእህታቸው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።
የቧንቧ ውሃ ብሞላበት ማን ያውቃል?
ሞላሁት። ደፋሁት። ደግሞ ሞላሁት። ስሊፐሩ ግድግዳው ሥር መጥቶ ቆመ። ደፋሁት።

ፌብሩዋሪ 26፣ ንጋት
ደወሉ። መቅደሱ ከግቢያችን ላውንድሪ አይበልጥም። ሰዉ ደጁ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ሠርቷል። የልጅ ልጃቸው ታስተረጉማለች።
ባዶውን አሳየኋቸው። ነገርኳቸው፦ እናቴ፣ ሳሙና፣ ጤና አዳም።  
ከዚያ ስለ አፈሩ ጠየቁ። እርጥብ ነው? በረንዳ ወጥቼ ጣቴን ከተትኩ። እርጥብ ነው፤ እማዬ በየጧቱ ታጠጣዋለች። በአሮጌው ላይ አዲስ።
ሽማግሌው ሳቁ። ‘እናትሽ እኮ አሮጊቷን እናት ተክላታለች!’ ማሰሮውን ተዪው፣ አፈሩ ብቻ እንዳይደርቅ አሉ።
ክብ የሠሩት መዝፈን ጀመሩ። ቋንቋው ጠፍቷል፤ ቃሉን የሚረዳ የለም፣ ዜማው ነው የቀረው። ከዚህ ሌሊት በኋላ ዘፈኑ እስከ ዓመቱ ይዘጋል፤ ማንጎራጎር እንኳ ነውር ነው።
እማዬ ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩ ላይ። ሺፍቷ ረፍዶባታል። እስኪያልቅ ቆመች። 

ማርች 2
ሰመርሊን ቀጠሩኝ! ሰኞ እጀምራለሁ። ለእማዬ ልነግራት ከክፍሌ ወጣሁ።
ስሊፐር ይጎተታል። ከግድግዳው ማዶ አይደለም። በረንዳችን ላይ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጤና አዳሙን ታጠጣለች። ታንጎራጉራለች። ያንኑ ዜማ፣ አንዴ የሰማችውን፣ አንድም ሳትስት።
ተዘግቷል እኮ፣ እማዬ፣ ልላት ነበር። ግን እማዬ ስሊፐር ጎትታ አታውቅም። እግሯን አየሁ፤ ባዶ እግሯን ናት።
አልነግራትም። ስለ ሥራው ዛሬ አልነግራትም። ነገ ጧት እኔ ቀድሜ ተነሥቼ አጠጣለሁ፣ ስሊፐሩ እሷን እንዲተዋት፤ ከዚያ ምናልባት እነግራታለሁ።