ጣሪያዬን ከላይ ያየሁ ዕለት

ለታናሽ እህቴ፣

በሸክም አልወረድኩም። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ጨዋነት አጥሮኝ አይደለም፤ ስህተት ካየሁ ሳላርመው ወደ ሌላ እንዳላልፍ ተደርጌ ስለተማርኩ ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ጠዋት አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ «ውይ እትዬ፣ ተራራ ላይ ራስዎን ስተው፣ የገዛ ቤትዎን መለየት አቅቶዎት፣ በሰው ጀርባ ወረዱ አሉ። እንኳን ተረፉልን!» አለችኝ። ከማን ሰማሽ ብላት ከአንቺ መስማቷን ነገረችኝ። አንቺ ተራራው ላይ አልነበርሽምና የነገሩሽን ነው ያወራሽው። ስለዚህ ለነገርሻቸው ሁሉ እንዲህ ብለሽ አርሚልኝ፤ ራሴን አልሳትኩም። ቤቴን በሚገባ ለይቻለሁ። የወረድኩትም በገዛ እግሬ፣ ከሁሉም ቀድሜ ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? ብዙ መቆምና ብዙ መጎንበስ እንደማይስማማው ሐኪሙ ነግሮሽ ነበር፤ አንቺ ግን ሥራ ከጀመርሽ መች ሰው ትሰሚያለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ታፋዬ ተሳስሮ ሁለት ቀን እንደ ዳክዬ ስራመድ ቆይቼ አሁን ለቆኛል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ አፌ ውስጥ የሻገተ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ብጉመጠመጥም አይለቅ።

የቅዳሜውን ነገር ከእኔው ስሚው።

መታጠቢያ ቤት ካዳለጠኝ ወዲህ ልጆቼ ሴት ልጄ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል እንድገባ ሲወተውቱኝ እንደከረሙ ታውቂያለሽ። ሦስት ጊዜ እንቢ ብያለሁ፤ ሦስተኛውን በጽሑፍ ነው የሰጠኋቸው። አንድ ቀን ድስት እሳት ላይ ረስቼ ማሳረሬን በስልክ ነግሬሻለሁ፤ አልክደውም። ድስቱን ግን እኔው ፈትጌ አጽድቻለሁ፤ መልክ ያሳይሻል።

ሐሙስ ዕለት ልጄ ደወለች። ድምፅዋ ማር ማር ይላል። «እማዬ፣ ቅዳሜ ቤተሰቡ አንድ ላይ ወጣ እንበል። የተራራው ማያ ቦታ እኮ ሩቅ አይደለም፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፤ አየሩ ያድስሻል» አለችኝ። ይህች ልጅ ከመኪናዋ እስከ ሱቁ በር መሄድ የሚታክታት ናት። ወንድ ልጄ ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ስለሄደ አይመጣም ተባለ። ማታውኑ አንቺም ደወልሽ። ቤት ተዘግተሽ ሻገትሽ እኮ፣ ሂጂ እንጂ አልሽኝ። አንቺስ ስልሽ ጉልበቴ አልሽ። በስንት ሰዓት እንደምንነሳና በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ሁለት ጊዜ ጠየቅሽኝ። አሳቢነትሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

እህት ዓለም፣ ያንን መንገድ ሰው ለመዝናኛ እንዴት ይሄድበታል? ቁጥቋጦው ሥር ሁሉ ሰው ተጸዳድቷል። ያበሰበትን ወረቀት እሾህ ላይ ጥሎት ሄዷል፤ በነፋስ ይውለበለባል። አንዲት እናት የልጇን ዳይፐር ጠቅልላ ድንጋይ ሥር ወሽቃዋለች፤ ዝንቡ ከሩቅ ይሰማል። አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ወጣሁ። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ደግሞ አናቴ ላይ የገዛ ባርኔጣውን ደፋብኝ። የሰው ላብ የጠጣ ባርኔጣ! «ቀስ እማማ፣ ቀስ! ጎበዝ! አሁን ግራ እግር!» ይለኛል፤ ወፌ ቆመች ማለት ብቻ ነው የቀረው። እርሱ ራሱ በየደረጃው እንደ ወናፍ ይተነፍሳል።

ልጄ በየሃያ እርምጃው «እረፍት እናድርግ እማዬ» ትላለች። አልደከመኝም ስላት «ለእኛ ብለሽ ነዋ» ትላለች። ከተቀመጥን በኋላ ስልኳን አየት ታደርግና እንደገና እንነሳለን። የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሰዓቴን ይዤ ስለነበር ነው የምነግርሽ።

ጫፉ ላይ የብረት መከታ አለ። እጄን ባሳርፍበት ተጣበቀብኝ። ዝቅ ብዬ ባይ ከዳር እስከ ዳር የታኘከ ማስቲካ ተለጥፎበታል፤ የጥርስ ምልክት ሳይቀር ይታያል። እጄ ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ አፈሰስኩ። አማቼ በዚህ መሀል የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። ቅርፊቱን ወደ ገደሉ ጣለው፣ ጣቶቹን መከታው ላይ ጠረገ፣ የአስኳሉ ቢጫ ከንፈሩ ጥግ ቀርቶ ደርቋል። በእነዚያው ጣቶች ሙዝ ልጦ ወደ አፌ አስጠጋልኝ። አፌን ገጥሜ አየሁት።

ፊቴን ወደ ገደሉ ያዞርኩት እርሱን ላለማየት ነው። ያን ጊዜ ከተማውን አየሁት።

ውበቱን አልክድም። ሃያ ስድስት ዓመት ማዘጋጃ ቤት፣ ካርታ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብዬ ያንን ከተማ በቀለም የሳልኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን መንገድ፣ እያንዳንዱን የቤት ጥግ በማስመሪያ አስምሬዋለሁ። ሁልጊዜም ከላይ እንዳየሁት አድርጌ ሳልኩት እንጂ ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ልክ ነበርኩ። የወንዙ መታጠፊያ ልክ ነው፤ የመቃብሩ አጥር ልክ ነው፤ አለቃችን የተከራከረኝ የገበያው ጥግ እንኳ እኔ እንዳልኩት ነው። ለማን ልንገረው ብዬ ዘወር ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ከዚያ ቤቴን ፈለግኩ። የውሃ ማጠራቀሚያው ጋን፤ ከእሱ ወደ ታች የትምህርት ቤቱ ረጅም ጣሪያ፤ መንገዱ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ሦስተኛው ጣሪያ፣ አረንጓዴ፣ አንዲት ቀይ ቆርቆሮ የተጣፈችበት። አገኘሁት። በሩ ላይ ነጭ የጭነት መኪና ቆሟል። ከውስጥ አራት ማዕዘን ነጭ ነገር ወጣ፤ ፍራሽ ነው። ቀጥሎ ሰፊ ቡናማ ነገር ለሁለት ተይዞ ወጣ። አንድ እግሩ አጠር የሚለው ጠረጴዛዬ ነው። ያንን ጠረጴዛ በጨለማም አውቀዋለሁ።

ከተማውን በእጇ የሳለችን ሴት ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ወስደው ሊደብቋት! ከዚያች ጫፍ በቀር የት ቢወስዱኝ አላይም ነበር። ማታለሉ ያስጠላል፤ እንዲህ በዝርክርክነት መታለል ደግሞ ይብሳል።

ቤቴ እየተጫነ ነው አልኳቸው። ልጄ ወደ ገደሉ እንኳ ሳታይ «ኧረ እማዬ፣ የሰው ቤት ነው። ዓይንሽ ደክሞ ነው» አለች። ባሏ ተቀብሎ «ፀሐይ መቷቸዋል፤ ውሃ፣ ውሃ!» ይላል። አብራን የወጣችው የልጅ ልጄ በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ነበርና እስቲ ያችን አረንጓዴ ጣሪያ አቅርቢልኝ አልኳት። አቀረበችው። «ውይ! የአያቴ ቤት እኮ ነው! አጎቴም እዚያ ነው! ሥራ ሄዷል አላላችሁም እንዴ?» አለች። እናቷ ስልኩን ከእጇ መነጨቀች። ለዚህች ልጅ የነገራት አልነበረም፤ ከሁሉም ንጹሕ የነበረችው እርሷ ብቻ ናት።

ልጄ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። «ልንነግርሽ ነበር እማዬ። ስትመለሺ ሁሉ ነገር አልቆ ይጠብቅሽ ብለን ነው። ክፍሉን በምትወጂው ቀለም ቀብተነዋል» አለችኝ። የምወደው ቀለም ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ባሏን አየችው። ባሏ እንቁላሉን አየ። «ድስቱስ?» አለች፤ «አሳርረሽው ቤቱን በላይሽ ላይ ልታቃጥይ አልነበር?»

ስለ ድስቱ ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ባርኔጣውን አውልቄ መከታው ላይ፣ ማስቲካው ላይ አስቀመጥኩና ቁልቁል ጀመርኩ። አማቼ እየተንደረደረ ቀደመኝና ፊቴ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። «ይታዘሉ እማማ፣ ላውርድዎት፤ ይወድቃሉ» አለ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ፀጉሩ በሸሚዙ ይታያል። ተነሳ፣ መንገድ ልቀቅ አልኩት። በሸክም ወረደች የተባለው ይኸው ነው፤ ጀርባው ቀርቦልኛል፣ አልተቀመጥኩበትም። በሃምሳ ደቂቃ ታች ደረስኩ። ለጉልበትሽ ስል አንቺ ግን እንዲህ እንዳትሞክሪ።

ቤቴ ስደርስ መኪናው ግማሽ ሞልቷል። ወንድ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ እንደ ልጅነቱ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ለአንቺ ብለን ነው» አለኝ። ለአንቺ ብለን የምትለዋ ቃል ከዚያ ሁሉ ማስቲካ ይልቅ ትጣበቃለች።

ሰው ሆኖ ያገኘሁት የጫኞቹን አለቃ ነው። ኮፍያውን አውልቆ «እማማ፣ ባለቤቷ ራሳቸው ፈቅደው ነው ተብለን ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አንገባም ነበር» አለኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጠረጴዛውንስ የት እንመልሰው? እሱ ለማገዶ ነው ተብለን ነበር» አለ። ለማገዶ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየነገርኳቸው የወጣው ሁሉ ወደነበረበት ገባ። ልጄም ተሸከመ፤ የጠረጴዛውን ከባዱን ወገን እንዲይዝ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በሩ አልተሰበረም። የቤቴ ቁልፍ ሁለት ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንደኛው ያን ቀን አንገቴ ላይ ነበር። በአደራ የሰጠሁትን ሌላውን በሩ ላይ እንደተሰካ አገኘሁት። ትንሽ የካርቶን ቁራጭ ተንጠልጥሎበታል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ያ የካርታ ክፍል ጥንቅቅ ያለ ፊደል። የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

ወጥ ቤት ገብቼ ደግሞ የብርጭቆዎቹን ካርቶን አየሁ። ማን እንደጠቀለላቸው ጫኞቹን አልጠየቅኩም። እያንዳንዱ ብርጭቆ በጋዜጣ ሁለት ዙር ተጠቅልሎ፣ የወረቀቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ተደርድሯል፤ ልክ እናታችን የልጅነት ቤታችንን ስንለቅ ሁለታችንን ወለል ላይ አስቀምጣ እንዳስተማረችን። ከሃያ አራቱ አንድም አልተሰነጠቀ። ብዙ ሰዓት የፈጀ ሥራ ነው፤ ብዙ መጎንበስ ያለበት። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ ማለት ይገባኛል።

ካርቶኑን መልሼ ከደንኩት። ልጆች ናቸው፣ ልጅ ይሳሳታል ብዬ ለእነርሱ የሚሆን ነገር አፌ ውስጥ አገኘሁ። ለሌላ ሰው የፈለግኩት ቃል ግን አልመጣልኝም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ሳልሽን ያርቅልሽ። ዓይንሽ እስከ መጨረሻው የራስሽን ጣሪያ ከሌላው የሚለይ ይሁን። አንቺ በሌለሽበት በርሽን የሚከፍት አይምጣብሽ።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ነግሬሽ ላብቃ። ሲነጋ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገባለሁ። ስመለስ ቁልፍ ሠሪውን ይዤ እመጣለሁ፤ የበሩን ቁልፍ ነቅሎ አዲስ ይገጥምልኛል። ከዚያ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እፈታለሁ፤ ጋዜጣውን ግን አልጥለውም፣ በእጄ አለስልሼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ቁልፍ ሠሪው እንደተለመደው ሁለት ቁልፍ ይሰጠኛል። አንዱን አንገቴ ላይ አስራለሁ። ለሁለተኛው ካርቶን ቆርጬለታለሁ፤ ቀዳዳውንም በስቻለሁ። ምን እንደምጽፍበት ግን ገና አላወቅኩም።

ታላቅ እህትሽ