ሙሽራዋን የኳልኩበት ድንጋይ

ሲዲ ላሕሰን፣ እርስዎ የመስጊድ አስተማሪ ነዎት፣ ጽሑፍ ያውቃሉ፣ ግን አያሳምሩልኝ፣ እንዳልኩት ይጻፉት። እኔ ኢጃ ነኝ፣ የሐዱ ሚስት፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እግሬ ደንዝዟል፣ ጭንቅላቴ ግን ደህና ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ነገ ጠዋት ዋርዛዛት ሆስፒታል ሊወስዱኝ ነው፣ መመለሴን አላውቅም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ልናገር።

የሽመና ዕቃዬ ለእናቴ ይሁን። የብር አምባሬ ለታሙ፣ ለሐዱ እህት፣ ይቻት አጠገቤ ተቀምጣለች። የጠራኋችሁም በሷ ጉዳይ ነው፣ ቆይ እደርሳለሁ።

ሐዱ ከሚቆፍርበት የኮባልት ማዕድን ጉድጓድ ያመጣልኝ ትልቁ የጽጌረዳ ድንጋይ ለልጄ ለኢጦ ይሁን። ነጩ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ፣ የመርፌ ራስ የሚያህል ቀይ መስታወት የሞላበት ነው። ድንጋይ የሚገዛን ፈረንጅ ሮዘሊት ይለዋል፣ ከኛ ጉድጓድ ሌላ ያለበት አገር ጥቂት ነው አለ። በጠርሙስ ተዘግቶ ትየው፣ አትንካው። ፍም ላይ ሲያደርጉት ሰማያዊ ይሆናል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይቀላል። ለጨዋታ አደርገው ነበር፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሐዱ አንድ ቀን ሸቶት ጮኸብኝ። «አንቺ! ይሄ ሽታ እኮ መርዙ ነው! እጅሽን ሳትታጠቢ ዳቦ እንዳትነኪ!» ነግሮኛል። አልሰማሁም አልልም።

የታሙ ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አማቴ ላላ ክልቱም ለሙሽራዋ ያስመጡትን የከንፈር ቀይ፣ ያንን በሸክላ ስኒ ያለውን፣ ጣልኩት፣ ተሰበረ፣ አመድ ውስጥ ገባ። ፈራሁ። ሁልጊዜ «አንቺ የሰበርሽው ዕቃ ቢሰበሰብ አንድ ቤት ይሠራል» ይሉኛል። እየሰሙኝ ነው ላላ፣ አይቆጡኝ። ትንንሾቹን የጽጌረዳ ድንጋዮች በቢላ ፋቅኩ፣ ወቀጥኩ፣ በዘይት ለወስኩ፣ ሌላ ስኒ ውስጥ አደረግኩት። ታሙ «ኢጃዬ፣ ንግሥት አስመሰልሽኝ እኮ!» ብላ ሳመችኝ። እንዳትጠረጥር እኔም አብሬያት ተቀባሁ።

ይኸው ሁለት ወሩ፣ በየቀኑ ትቀባዋለች፣ እኔም እንደሷ። ልነግራት ስንት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ማስመለስ ስትጀምር አረገዘች ብላችሁ እልል አላችሁ፣ እኔም አብሬ እልል አልኩ። ታሙዬ፣ እርግዝና ላይሆን ይችላል። «ምንድነው የምትይው? ምን ቀባሽኝ?» አትበይኝ፣ ሰምተሽኛል። ነገ አብረሽኝ ሂጂ፣ ስኒውን ለሐኪሙ አሳዪው።

ዛሬም ተቀብተሻል። አታልቅሺ፣ እንባሽ ቀዩን ወደ አፍሽ ያወርደዋል። መጀመሪያ ታጠቢ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ስደቢኝ።

ኢጃ፣ የአውራ ጣት አሻራ።
ምስክር ላላ ክልቱም፣ አሻራ።
ምስክር ታሙ፣ አሻራ፤ ታጥባ ከተመለሰች በኋላ።
ጸሐፊ ላሕሰን፣ ፊርማ።