ውሻው ቀድሞ የለበሰው ሸሚዝ

ለልጄ ሚስት፣

ብቆጣም ሰላምታ አልነፍግሽም። እንደምን ከረምሽ? ወተትሽ ይበቃዋል? ያ ጠፍጣፋ አፍንጫስ ሌሊት ያስተኛሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደለመደበት ያመኛል፣ ላሟ ወልዳለች፣ እዚህ ናሪን በረዶው ገና አልቀለጠም። ብዕር ያነሳሁት ስልክ ብደውል ስለምትዘጊው ነው። ደብዳቤ ጆሮዬ ላይ አይዘጋብኝም።

ባልሽ ቶክቶሱን ትናንት ከከተማ፣ ከቢሽኬክ ደውሎ መልእክትሽን ነገረኝ። "እማ፣ ይቅርታ ጠይቂ አላለችሽም። አንድ ጊዜ ብቻ 'ልጁ ያምራል' በያት፣ በማግስቱ ይዣቸው እመጣለሁ" አለኝ። ይኼ የኔ ልጅ ነው! ጀርመን አግብቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የእናቱን ወግ የረሳ። እሱን ሌላ ቀን እሰድበዋለሁ፤ ዛሬ ተራው ያንቺ ነው።

ልጁ በተወለደ በአርባው ቀን ያደረግሽኝን አልረሳም። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ሴቶቹ በአርባ ማንኪያ ውኃ ሊያጥቡት ከበውታል። ጎረቤቴ ቡሩልካን፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ፣ "ኧረ እንዴት ያለ የሚያምር ልጅ ነው!" ብላ ጮኸች። ክው አልኩ። "ምኑ ያምራል? አስቀያሚ ቡችላ!" ብዬ ከማንቆርቆሪያው ቂጥ ጥላሸት ወስጄ ግንባሩን ቀባሁት። አንቺ ታዲያ ምን አደረግሽ? በዚያ እርጥብ ወረቀትሽ ግንባሩን ፈግፍገሽ፣ "ልጄ አስቀያሚ አይደለም፣ ሁለተኛ እንዳይነኩት!" አልሽኝ፤ በሰው ፊት፣ በገዛ ቋንቋዬ፣ አንዲት ቃል ሳትስቺ። ቋንቋችንን ከቡሩልካን አሳምረሽ ትናገሪያለሽ። ቃሉን ሁሉ ሰምተሽ ነገሩን አለመስማትሽ ነው ያንገበገበኝ።

ቀጥሎ ሸሚዙን አየሽ። ውሻችን አክቶሽ ለብሶት ግቢው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። "ለልጄ ያሰቡለት የውሻ ልብስ ነው?" ብለሽ ገፈሽ ምድጃ ውስጥ ወረወርሽው። እናትሽ የላከችለትን ነጭ ሸሚዝ አለበስሽው፣ ታክሲ ጠራሽ፣ ሄድሽ። እንግዶቼ ዳቦውን እንኳ ሳይቆርሱ ተበተኑ።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ ሴት የልጅ ልጇን ጠልታ ነው ዓይኗ እስኪፈስ የምትሰፋው? ያ ሸሚዝ ቤት ለቤት ዞሬ፣ ዕድሜ ከጠገቡ ሰዎች የለመንኩት አርባ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ቀድሜ ውሻውን ያለበስኩት፣ ክፉ ዓይን የሚያርፍ ከሆነ እሱ ላይ ይረፍ ብዬ ነው። ውሻ ምን ይሆናል? አክቶሽ ይኸው እንደ በሬ ወፍሯል።

አንቺስ ብትሆኚ ስንት አሳየሽኝ! ከጧት እስከ ማታ "የኔ ቆንጆ፣ የኔ ልዑል" ስትዪ ጆሮዬን ይዤ ወደ በረት እሮጥ ነበር። እናትሽ ከጀርመን በስልክ እያየችው "ውብ! ውብ!" ስትል ቶክቶሱን ተረጎመልኝና መስታወቱ ላይ እንትፍ እንትፍ አልኩ፤ አንቺ ፊትሽን አጥቁረሽ ጠረግሽው። እናትሽን የተፋሁባት መስሎሽ ነው። እኔ ደግሞ ይቺ ሴት የወለደችውን አትወድም እንዴ ብዬ ለቡሩልካን አምቼሻለሁ፤ አልደብቅሽም።

የባልሽ ስም "ይቆይ" ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መዝገበ ቃላትሽ ነግሮሻል። እናቱ ጀግና ወይ ብርቱ ማለት ስትችል ለምን "ይቆይ" እንዳለችው ግን አንድም ቀን ጠይቀሽ አታውቂም።

ያልሽኝን አልልም። ዓመት ብታስቀሪውም አልልም። ናፍቆቱ አንጀቴን ቆርጦታል፣ ጠረኑ ከነጠላ ብርድ ልብሴ አልወጣም፣ ያንን ብርድ ልብስ ማጠብ አቅቶኛል፤ ቢሆንም አልልም። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንግዳ በሞላበት ቤት ሕፃን ታቅፌ፣ "እንዴት እንደሚያምር እዩልኝ" ብያለሁ። ባለፈው መስከረም መቃብሩ ጋ ስንወጣ፣ ከባሌ ጎን ያለችውን ትንሽ ጉብታ "ይቺስ የማን ናት?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ነፋሱ በርትቷል፣ እንውረድ አልኩሽ።

ሸሚዙን ከምድጃው አውጥቼዋለሁ፤ የተቃጠለው አንድ እጅጌው ነው። ከራሴ ቀሚስ ቀድጄ ጠግኜ ልኬልሻለሁ። አክቶሽን ደግሜ ስላለበስኩት ሽታውን ታገሺ። ማልበስ ካስጠላሽ ከትራሱ ሥር አድርጊው፤ እሱን እንኳ እምቢ አትበዪኝ።

አላህ ወተትሽን ያብዛልሽ፤ እናትሽንም በጤና ያኑርልሽ። ልጁንም ያቆይልን።

የዚያ አስቀያሚ ቡችላ አያት