ወደ ኋላ የማይሄድ ወንበር

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ዶሮዎቹ ከበሉ በኋላ

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቀጭኔው፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ? እኔ አለሁ፤ ዶሮዎቹም አሉ። ስልክህ ሲጠራ ውሎ ሲጠራ ያመሻል፣ አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል። በአራተኛው ቀን "ሥራ ላይ ነበርኩ" የምትል አንዲት መስመር ትልክልኛለህ። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እሑድ አንተ ወዳለህበት ስለምትመጣ በእጇ ትሰጥሃለች። አንተ እፊቷ አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ከዚያ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ፤ እንደምታውቃት ደግሞ አደራ ከተባለች ንቅንቅ አትልም።

ፒካፑ ተገዝቷል። "እኔ ሳልመጣ እንዳትገዙ፣ የምመርጠው እኔ ነኝ" ካልክ ሦስት ዓመት ሞላው። ትእዛዝህ አሁንም በጆሮዬ አለ። ከፍ ያለ ይሁን፣ ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ ድርብ ይሁን፣ ጉልበተኛ ይሁን፣ አሸዋና ድንጋይ እንጭንበታለን፣ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ እንቁላሌን ከኋላ አንድ ጥግ ላይ አስቀምጣለሁ። አባዬም "እሺ ልጄ" ብሎህ ነበር። ዕድሜ ልኩን ለሰው መኪና ሲመርጥ የኖረ መካኒክ፣ ለራሱ አንድ ጎማ እንኳ ሳይኖረው "እሺ ልጄ" ብሎ ሦስት ዓመት ጠበቀህ።

የአባዬን ነገር በስልክ "ትንሽ ያስለዋል" ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። ሳንባው ነው። ሐኪሙ ነሐሴ ላይ ለብቻዬ ጠራኝና "ቤቱ ይሁን፣ ደስ የሚለውን ነገር አድርጊለት" አለኝ። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንተም አታጣውም። ምን ደስ እንደሚለው ስጠይቀው "መኪና እንይ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መኪና የሚሸጥበት ግቢ መሄድ ሆነ ሥራችን። ዐሥር እርምጃ ይሄድና ያገኘው ጎማ ላይ ይቀመጣል፣ ትንፋሹ ሲመለስ ደግሞ ዐሥር እርምጃ። ግን ያው አባዬ ነው። ከሻጩ ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀው ሳይከፍተው ዞር ይላል። "ቀድመው ያሞቁት ጠዋት እንቢ የሚል ስለሆነ ነው" ይለኛል። በጨርቅ የጠቀለላትን ማግኔት በበሮቹ ግርጌ ያስኬዳታል። ማግኔቷ ካልያዘች ከቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን ጉድጓድ መድፈኛ ስቱኮ ነው ያለው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት መኖር አለመኖሩን ያያል። የኪሎሜትር ቆጣሪውንማ ዞር ብሎም አያየው። "እሱን ሰው ነው የሚጽፈው፣ ይኼን ግን እግር ነው የጻፈው" ይልና የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ በጣቱ ይዳብሳል። ላስቲኩ ተበልቶ አልቆ ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ካሳየ፣ የሻጩን ፊት አይቶ ሳቅ ይላል።

የመጀመሪያው ነጭ ነበር። ሞተሩ ልክ እንደ ሰዓት። "ነይ ግቢና ፍሪሲዮኑን ርገጪልኝ፣ ድምፁን ልስማ" አለኝ። ገባሁና በዚያች በአጭሯ ግራ እግሬ ረገጥኩለት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ዐሥር ጊዜ። "ከባድ ነው፣ ይቅር" አለና ሄደ። ለደከመ ጉልበቱ የሚመች እየፈለገ መሰለኝና አንጀቴን በላው።

ሁለተኛው የአንተው ነበር፤ ልክ የአንተው! ከፍ ያለ፣ ድርብ ባሌስትራ። ቅቤ አንጓቹ ደላላ "አባት፣ ይኼ እኮ ተራራ ይወጣል!" ሲለው አባዬ "እንቁላል ተራራ ላይ አይሸጥም" አለው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሠላሳ እንቁላል የያዘ ትሪ ከቤት አስይዞኝ ኖሯል። ከኋላ አሰረውና በኮረኮንቹ እስከ ድልድዩ አስኬደን። ስንመለስ ዐሥራ አንዱ ፈስሷል። ደላላው "የሚገዙት ፒካፕ ነው ወይስ መጥበሻ?" ብሎ ግቢውን በሳቅ ሞላው። እኔም ሳቅሁ። አባዬ ግን የተሰበሩትን አንድ በአንድ እያነሳ "አይሆንም" አለ።

ሦስተኛው ላይ ደሜ ፈላ። ምንም እንከን አልነበረውም፣ በሞቴ እልሃለሁ። "እስቲ ኮፈኑን አንቺ ክፈቺው" አለኝ። ሞከርኩ፣ ከበደኝ። "ይቅር" አለ። "አባዬ፣ የምትፈልገው መኪና ነው ወይስ እንከን?" ብዬ ጮህኩበት፣ በሰው ፊት። ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና "የሚሆን ነው የምፈልገው" አለኝ። ለማን የሚሆን ስለው "ለሚነዳው" አለ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን እየጠበቀ ቀን የሚገፋ መስሎኝ ነበር። መኪናው ከተገዛ የምትመጣበት ምክንያት የሚያልቅ መስሎት፣ በየቅዳሜው አንድ እንከን እየፈለገ ቦታህን የሚያቆይልህ መስሎኝ ሆዴ ባባ። ከዚያ ወዲህ አልጮህኩበትም። ትሪዬን ይዤ እከተለዋለሁ።

አራተኛውን ጥቅምት መጨረሻ ላይ አገኘነው። የአንድ ጡረተኛ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። መኪናው ሃያ አራት ዓመቱ፣ ሰማያዊ ቀለሙ የነጣ፣ ትንሽዬ። ኮፈኑ ብርድ የመታው ነበር፤ ቁልፉ ግማሽ ዙር ሳይሞላ ተነሳ። ፔዳሉ ተበልቷል፣ ቆጣሪውም አልዋሸም። ኮፈኑን በአንድ እጄ ከፈትኩት። ፍሪሲዮኑ ቅልል ያለ ነው። ከሠላሳው እንቁላል የተሰነጠቀው አንድ ነው፣ እሱም ቢሆን ቅርፊቱ ስስ ነበር። እንከኑ አንድ ብቻ፤ የሹፌሩ ወንበር የሚንሸራተትበት ብረት አልቆ፣ ፔዳል ሲረገጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። አባዬ ይህን ሲያይ ሳቀ። ከነሐሴ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ይኼ ቀላል ነው፣ ይበየዳል" አለና ገዛነው።

በተከታዩ ሰኞ፣ አባዬ እንዲበየድ የሰጠውን መኪና ላመጣ በያጁ ጋ ሄድኩ። ሰውየው እየተቅለሰለሰ "እህቴ፣ እኔ ብረቱን ቀይሬ እንደ ድሮው ወደፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ላደርገው ነበር፤ አባትሽ እንቢ አሉ። በዚህ ልክ እዚችው ላይ ይበየድ አሉኝ" ብሎ ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ አሳየኝ። ከጫፉ እስከ አንደኛው ቋጠሮ ያለው እስከ ሌላው ካለው በሁለት ጣት ያጥራል። ልብስ ሰፊዋ የሱሪዬን ግራ እግር ከቀኙ ሁለት ጣት አሳጥራ እንደምትሰፋልኝ ታውቃለህ። ለካ ልኬን ከእሷ ወስዶ ኖሯል።

 ወንበሩ ላይ ወጣሁና ተቀመጥኩ። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ በሙሉ መዳፉ አረፈ፤ በሕይወቴ አንድም ወንበር እንደዚያ ልክ ሆኖልኝ አያውቅም። ያኔ ሁሉም መጣልኝ። ፍሪሲዮኑን ዐሥር ጊዜ ሲያስረግጠኝ ድምፁን አልነበረም የሚሰማው፣ ጉልበቴን ነበር የሚያየው። ኮፈኑን ያስከፈተኝም፣ እንቁላሉን ያስጫነኝም፣ አምና መንጃ ፈቃድ አውጪ እያለ ጨቅጭቆ ያስወጣኝም ለዚህ ነው። አንተ "ድንቢጥ መሪ ላይ ምን ትሠራለች?" ብለህ የሳቅህ ጊዜ እሱ አልሳቀም ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? አልተደሰትኩም። የወንድሟን ልብስ ሰርቃ የለበሰች ልጅ ሆኜ ነው ቤት የገባሁት። "አባዬ፣ ወንድሜ ሲመጣስ? ጉልበቱ እኮ ከመሪው ሥር አይገባም" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተኛ መስሎኝ ልወጣ ስል "ሲመጣ ይመጣል፤ እንቁላሉ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ይሄዳል" አለኝ።

ተናድጄብሃለሁ። በግልጽ ይጻፍ። አንተ ባትመጣ እኔ ስንት ነገር ብዬልህ፣ ሰበብ ፈጥሬልህ፣ በስልክህ ፈንታ ሰላምታ እያመጣሁለት ኖሬያለሁ። "ወንድሜ በጣም ሰላም ብሎሃል" እያልኩ። አንድም ቀን አላመነኝም መሰለኝ፣ ግን አንድም ቀን ፊት አልነሳኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ይዤው ወጣሁ፤ እኔ መሪ ላይ፣ እሱ ከጎኔ። ሳይገባ በፊት የእሱን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቼው ነበር፤ ይሄዳል እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው። ደግፌ አስገባሁት። እግሩ እስከ ወለሉ ጫፍ አልደረሰም። በጉልበቱና በዳሽቦርዱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ለረጅም ጊዜ አየው። "ወደፊት ላስጠጋልህ?" አልኩት። "ተይው፣ እንዲሁ ይሁን" አለ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ድልድዩ ሞተሩን ሲሰማ ሄደ። ስንመለስ በራችን ላይ "ማርሽ ስትቀይሪ አልተሰማኝም" አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን መስማት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ከእሑድ ጀምሮ ከአልጋ አልወረደም። ከትናንት ወዲህ ምግብ ትቷል። ውሃ በማንኪያ ነው የምሰጠው። ልጽፍልህ እንደሆነ ስነግረው "‘ና’ ብለሽ እንዳትጽፊ" አለኝ። ለምን ስለው "‘አልችልም’ ማለቱን እንዳልሰማ" አለ። እማዬ ያረፈች ጊዜ የላክኸውን መልእክት ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ። እኔም እሱም አልረሳነውም።

ስለዚህ ይኸው አልጻፍኩም። የአባቴን ቃል አላፈርስም። የጻፍኩልህ ስለ መኪናው ነው። ብርድም ይሁን ንጋት፣ በግማሽ ዙር ይነሳል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ቤታችን ሃያ ደቂቃ ነው፤ ትናንት ባዶውን ነድቼ ለካሁት። የእኔ ወንበር አይነቃነቅም፣ ይቅርታህን እጠይቃለሁ። የጎኑን ግን ወደፊት አልመለስኩትም።

አባዬ ትንፋሽ ሲያገኝ የላከልህ ምርቃት ይኸውልህ፤ "ጤና ይስጥህ፣ እጅህን ይባርከው፣ መንገድህን ያቅናልህ።" የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ነው ያላት። እኔም አሜን ብዬልሃለሁ።

እህትህ፣
ድንቢጧ