ግድግዳው ላይ ያለው «ሞር ቤተር»

ሰኞ
ዛሬ ተማሪዎቼ ፊት ዋሸሁ።

የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ማወዳደሪያ ነበር። «ቤተር» ራሱ «የተሻለ» ስለሆነ «ሞር» አይጨመርበትም፤ ከኋላው የሚመጣውም «ዛን» ነው እንጂ «ከዚያ በኋላ» የሚባለው «ዜን» አይደለም ብዬ አስረዳሁ። ፍታለሽ እጇን አወጣች። ከሰሃላ መጥታ ሰቆጣ ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ታዲያ የግቢው ግድግዳ ላይ ለምን ሞር ቤተር ዜን ተባለ?»

ያንን ያጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከበፊቱ ይበልጥ የተሻለ ነው ለማለት ነበር። በአማርኛ ያስኬዳል፤ በቁሙ ገለበጥኩት። ቀቢው የሰጠሁትን ነው የጻፈው።

«ማስታወቂያ ላይ ይፈቀዳል» አልኳት። ልጆቹ ሳቁባት። ተቀመጠች።

ማክሰኞ
አባቴ ከደሃና መጥተዋል። ቄስ ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። ግድግዳው ሥር ቆመው ለጓደኛቸው «የልጄ ጽሑፍ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ዞሬ በሌላ በር ወጣሁ።



ረቡዕ
አጭር ፈተና ሰጠሁ። ፍታለሽ መጀመሪያ «ቤተር ዛን» ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች። በላዩ «ሞር ቤተር ዜን»። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ቀረሁ።

ጽሑፉ ይስተካከል ልል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

«አርብ እንግዳ አለብን። ማን ልብ ይለዋል ብለሽ ነው? ተይው» አሉኝ።

«ተማሪዎቹ ልብ ብለውታል። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

እሳቸውም መለሱ፦ «እንግዲያው አንቺው አስተካክይው።»

ሐሙስ
ክፍል ስገባ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝ። «ሰኞ ፍታለሽ ልክ ነበረች። ስህተቱ የኔ ነው። ዝም ያሰኘኋትም እያወቅኩ ነው» አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ምን ይባላል፣ ይሳቅ። የሰረዘችውን መልስ ልክ ብዬ ፈተናዋን መለስኩላት።

ከሰዓት ያስጠራሁት ቀቢ መጥቶ አስተካከለው። «ሞር» የነበረበት ቦታ ነጥቶ ከሩቅ ያስታውቃል።

ስወጣ ፍታለሽ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ሰኞ ቤት ገብቼ ደብተሬ ላይ ያለውን ቤተር ሁሉ ሞር ቤተር አድርጌው ነበር። መልሼ ልቀይረው?»

«መልሺው» አልኳት። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በአፍ መፍቻችን በኽምጣንጋ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እሺ» ብላ ሄደች።

እሺ ያለችው ይቅር ብላኝ ይሁን ወይስ አስተማሪዋ ስለሆንኩ ብቻ፣ አላወቅኩም።