መዝገቡ ማዶ ቀረ

ሐምሌ 9

ዛሬም እንደ ትናንቱ። በሁለት ሰዓት ዘበኛው በሩ ላይ የተሰቀለውን የደወል ብረት መታ፣ ሰው ተሰለፈ፣ መዝገቡን ከፈትኩ። ሃምሳ ሁለት ሠራተኛ፣ ሃምሳ ፊርማ። የመጣ በመጣበት ተራ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ከመጨረሻው ፊርማ ሥር መስመሬን አሰመርኩ። ቀጥ ያለች መስመር። ያለ ማስመሪያ! ዘጠኝ ዓመት ቀልድ አይደለም።

ከጎደሉት አንዷ ታማ አስፈቅዳለች። ሌላዋ ካውያዋ ናት። ሸሚዝ የምትተኩሰዋን ልጅ ፋብሪካው ሁሉ "ካውያዋ" ነው የሚላት። በአራት ደቂቃ ዘገየች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች አሉ... አሉ ያልኩት እኔ ስላላየሁ ነው። ሲፈርሙ እጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላይም። ቀና ካልኩ ልለመን ነው። የእሷን እጅ ግን አውቀዋለሁ፣ አውራ ጣቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ያ እጅ ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ ቆየ።

"እትዬ፣ አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት ነው። አራት ደቂቃ ናት እኮ።"

"መስመሩ ተሰምሯል" አልኳት። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከመስመሩ በኋላ የመጣ የዚያን ቀን ሥራም ደሞዝም የለውም። በወር ሦስት ቀን ቀሪ የተባለ ደግሞ ይሰናበታል። ለእሷ ይሄ ሁለተኛዋ ነው፤ የመጀመሪያውም በዝናብ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው? ደንቡን እኔ አላወጣሁት። እኔ ሰዓት ነው የምጠብቀው። ከጀርባዬ "እትዬ ሰዓት" ይሉኛል፣ ያልሰማሁ ይመስላቸዋል። ደስ ይለኛል፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

ሐምሌ 11

ቢሮዬ ያፈሳል። ይሄ ጣሪያ እንኳን ዘንቦበት እንዲያውም ጤዛ ነው! አንዲት ጠብታ መዝገቡ ላይ አርፋ የቁልፍ ሰፊዋን ፊርማ አጠበችው። ምን ላድርግ? ሸሚዝ በምናሽግበት ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤት ይዤው መጣሁ። "መዝገቡ ከቢሮ አይወጣም" የሚለውን ወረቀት ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ...

ባሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሹፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በእኔ ማሾፍ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሕግ ጠብቀሽ በመጨረሻ መዝገብ ሰረቅሽ አለኝ። ለአንድ ሌሊት ነው አልኩት። ነገ ማልጄ እመልሰዋለሁ።

ሐምሌ 12

ድልድዩ የለም!

ከየት ልጀምር? ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። በአንድ ሰዓት ተኩል ወንዙ ዳር ስደርስ ሰው ግጥም ብሏል። ጎርፉ ድልድዩን ከነመደገፊያው ወስዶታል። ፋብሪካችን ከማዶ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ በሩ፣ ጣሪያው፣ ዘበኛው ሳይቀር። ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል፤ ሰው ግን አይደርስም። የላይኛውን ድልድይ እንሞክር ያሉም ነበሩ፣ መንገዱን ናዳ ዘግቶታል ተባሉ። ከሃምሳ ሁለታችን አርባ አራታችን የምንኖረው ከወንዙ ወዲህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። የእሱ ቤት በፋብሪካው በኩል ነው። በደኅናው ቀን "እርስዎ" ይለኛል፣ ሲናደድ ነው "አንቺ" የሚመጣው።

"መዝገቡ የታለ? መሳቢያሽ ባዶ ነው።"

"እኔ ጋ ነው።"

ያልመጣውን ሁሉ ቀሪ ብለሽ ጻፊ አለኝ። ወንዙን እኮ ያዩታል፣ ብዬ ጀመርኩ... "ሕግ ሕግ ነው። አንቺው አይደለሽ የምትዪው?" ብሎ ዘጋው። እውነቱን ነው። እኔው ነኝ የምለው።

አጠገቤ ጃንጥላ የያዘ እጅ አለ። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ። መዝገብ አልከፈትኩ፣ ጠረጴዛ የለኝ፣ የማቀረቅርበት ነገር አጣሁና ቀና አልኩ።

እርጉዝ ናት! ስድስት ወር ይሆናታል። ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው ፊቴ ስትቆም እኔ የማየው አውራ ጣቷን ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከሁሉም ቀድማ በአሥራ ሁለት ተኩል ነው ወንዙ ጋ የደረሰችው። ከዚያ ከአራት ደቂቃዋ በኋላ ሌሊት መነሣት ጀምራለች። "ሦስተኛዬ ሊሆን ነው፣ አይደል እትዬ?" አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። አንጀቴን በላችው።

ይሄኔ ከማዶ ዘበኛው ብረቱን መታ። ሁለት ሰዓት። ድምፁ በውኃው ላይ ጥርት ብሎ መጣ። እና... ልማድ ክፉ ነው... ሰው ሁሉ ተሰለፈ! ጭቃ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ማንም ተሰለፉ ሳይላቸው! እኔም ብረት ሲመታ መዝገብ መክፈት ነው የማውቀው። ላስቲኩን ፈታሁ።

ጨርቅ ቆራጩ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ጠረጴዛ አደረገልኝ። ቁልፍ ሰፊዋ ጃንጥላ ያዘችልኝ። ካውያዋ አንደኛ ፈረመች። ሠላሳ ስምንት ሰው! ከገጹ አናት ላይ "የተፈረመው ወንዝ ዳር ነው" ብዬ ጻፍኩ፤ ሸፍጥ አልወድም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ቀዩን አወጣሁ። ቆራጩ እየሳቀ ጀርባውን ስላንቀጠቀጠው መስመሬ ጠመመች። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ጠማማ መስመር። ደስ አለችኝ!

ሐምሌ 13

አርባ ሁለት ሰው! ትናንት የቀሩት ሰምተው መጡ።

ባሌ የጓዳውን ጠረጴዛ ተሸክሞ መጣ። ማን ጠራው? "የሰረቅሽውን መዝገብ በሰው ጀርባ ላይ አታስፈርሚ" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ዘበኛውም ብረቱን ከበሩ ላይ ፈትቶ ወንዙ ዳር አንድ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል። ከማዶ በመዶሻው ሰላምታ ሰጠኝ።

አንዷ ለእኅቷ ልትፈርም ሞከረች። እጇን መለስኩት። ወንዝ ዳርም እኔው ነኝ! ግን ቀና ብዬ ነው የመለስኳት። እኅትሽ ምን ሆና ነው አልኳት። ቤታቸው ውኃ ገብቶ ልጆች ይዛ እንደሆነ ነገረችኝ። በኅዳጉ ጻፍኩት። በቀይ ሳይሆን በሰማያዊ።

ሥራ አስኪያጁ አራት ጊዜ ደወለ። አላነሣሁም። እኔ! የአለቃ ስልክ!

ሐምሌ 14

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ባለ ፋብሪካዋ መጡ። አሮጊቷ ራሳቸው! በወር አንዴ ነው የሚመጡት፣ ያውም በመኪና እስከ በሩ። ዛሬ መኪናው ጭቃውን ፈርቶ ቆመና በፕላስቲክ ቦት ጫማ በእግራቸው ወረዱ። አለቀልኝ፣ መባረሬ ነው አልኩ።

ሰልፉን አዩት። ጠረጴዛውን አዩት። ምን እየተሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፣ መዝገቡን ይዤ መውጣቴን ሳልደብቅ። ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት አሉ። ካውያዋን አሳየኋቸው፣ በአሥራ ሁለት ተኩል አልኳቸው። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፣ ሆዷ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ የዘበኛው ብረት ተመታ።

እኚህ ሴትዮ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሄደው ከሰልፉ ጭራ ቆሙ! አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ላይ። ተራቸው ሲደርስ "እኔም ሥራ ልገባ ነበር የመጣሁት፤ ወንዙ ከለከለኝ" ብለው እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። ቁጥር አርባ አራት። ፈረሙ። ከማዶ ሥራ አስኪያጁ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል...

ከስማቸው ሥር መስመሬን ሳሰምር ወንዙን በእግሬ የምሻገረው መሰለኝ።

ሐምሌ 15

እሑድ። ወንዙ አላረፈም። እኔም።

ሐምሌ 17

መንገድ ሠራተኞቹ የእንጨት መረማመጃ እየዘረጉ ነው። ነገ እንሻገራለን። ነገ መዝገቡም ይሻገራል... ከዚያስ? ባሌ ዛሬ አላሾፈም። እሱ ካላሾፈ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው።

ሐምሌ 18

ተሻገርን! ሁሉንም ልጻፍ፣ አንድ ቃል ሳልዘል።

መዝገቡን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ነው ሳንቃው ላይ የሄድኩት። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ጠበቀኝና ከእጄ ወሰደው። ባለ ፋብሪካዋ ቢሮ ተጠራሁ። ካውያዋንም አስጠርቷታል፣ የስንብት ደብዳቤዋን ጽፎ ጨርሷል። አምስት ቀን ቀርታለች ብሎ።

ወንዝ ዳር መቆም ሥራ መግባት አይደለም አለ። አንድ ሸሚዝ አልተሰፋም፣ ለምኑ ነው የሚከፈለው? እውነት ለመናገር አነጋገሩ ያሳምናል። ባለፈው ሳምንት ቢሆን እኔም እንደሱ ነበር የምለው።

ባለ ፋብሪካዋ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ። አንድ በአንድ። አምስት ገጽ።

"የአንተ ፊርማ የታለ?" አሉት።

እሱማ በየቀኑ ፋብሪካው ውስጥ እንደነበር ተናገረ። ዘበኛው ምስክር ነው፣ መዝገቡ ማዶ ስለቀረ ነው ያልፈረምኩት፣ በእኔ ጥፋት አይደለም አለ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!

"እሺ። መዝገቡ ማዶ ስለቀረ አንተን ቀሪ አልልህም። ወንዙ መሐል ስለገባ እነሱንስ ለምን ቀሪ እላቸዋለሁ?" ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። "ወይስ እኔም ቀሪ ነኝ? ስሜ እዚህ አለ።"

የስንብት ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወንዙ ድረስ መጥቶ የፈረመ ሁሉ ሙሉ ቀኑ ይታሰብለታል አሉ። ቤቱ ውኃ የገባበት ከዓመት ፈቃዱ ይያዝለታል እንጂ ቀሪ አይባልም። ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ሲቆረጥ መዝገቡ ሰው ወዳለበት ይሂድ። ሥራ አስኪያጁም እንደማንኛውም ሰው እየተሰለፈ ይፈርም። እልል ልል ነበር፣ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ግን መዝገብ ይዘሽ ወጥተሻል። ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት።"

ይገባኛል አልኩ። ግን አፌ አላርፍ አለ፤ እነዚያ ሁለቱ የካውያዋ ቀሪዎችስ አልኳቸው፣ እነሱም የዝናብ ናቸው፣ ይሰረዙላት።

መነጽራቸውን አወለቁ። "እነሱን ያሰመርሽው አንቺ ነሽ። የተጻፈ አልሰርዝም። ተሸከሚያቸው።"

ስለዚህ ሁለቱ አሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ከዘገየች ሦስት ይሆናል። መንገድ ሳይቆረጥ አውቶቡስ ጭቃ ቢይዘው አዲሱ ደንብ አያድናትም። ማስጠንቀቂያዬን ግን እየሳቅኩ ነው የፈረምኩት።

ሐምሌ 24

ካውያዋ ዛሬም አንደኛ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት በሩ ላይ ናት። ወንበሬን አውጥቼ ሰጠኋት። እኔ ቆሜ አስፈርማለሁ። ስድስት ቀን ቀራት።

ሐምሌ 30

የወሩ መጨረሻ። ለዚች ቀን ስጸልይ ከርሜ ዶፍ ወረደ!

ከቤት ስወጣ የማስበው ስለ እሷ ብቻ ነው። ትደርስ ይሆን? አውቶቡሱስ? በጭቃው ስዳክር ቆይቼ መረማመጃው ጋ ስደርስ መንገድ ሠራተኞቹ ገመድ ወጥረው አገኘሁ። ውኃው ሳንቃውን ነክቷል፣ ጋብ እስኪል ማንም አይሻገርም አሉ። የፋብሪካ ሰው አለ ወይ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ማንም የለም። ሁሉም በጠዋት ተሻግረዋል፣ አንዲት እርጉዝም በእጅ ደግፈን አሻግረናል አሉኝ። እፎይ! ልጅቷ አልፋለች! ደስ ብሎኝ ጨርሼ ነው ሰዓቴን ያየሁት። ሁለት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ።

እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ካለፈው ወዲህ መሳቢያውን እቆልፋለሁ፤ ቁልፉ እኔ ጋ፣ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ፣ እኔ እዚህ። ገመዱን ሲያነሡልኝ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጭቃ፣ አንድ ጫማዬን በእጄ ይዤ። በሩ ጋ ስደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር።

ሰው ሁሉ ዝናብ ላይ ተሰልፏል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር፣ ከቆራጩ ኋላ። ዘበኛው መዶሻውን አንሥቶ ከብረቱ ሥር ቆሟል። አልመታም። እስካሁን አልመታም!

"ለምን አልመታህም?" አልኩት፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

የመለሰችልኝ ካውያዋ ናት፣ ከሰልፉ ፊት፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ።

"እትዬ ሰዓት ሳይመጡ ሁለት ሰዓት አይሞላም።"

ፊት ለፊቴ ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ብረቱ ተመታ። አንድ በአንድ ፈረሙ፣ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲፈርም "ጫማዎን ያድርጉ፣ ይበርድዎታል" አለኝ። በእርስዎ። እኔ መጨረሻ ቀረሁ። ደንብ ደንብ ነው ብዬ ቀዩን አነሣሁ፣ መስመሩን ላሰምርና ከሥሩ ራሴን ቀሪ ብዬ ልጽፍ። ያ ጠባሳ ያለበት አውራ ጣት መጥቶ እስክሪብቶው ላይ አረፈ።

"መጀመሪያ ይፈርሙ" አለችኝ።

ፈረምኩ። ከዚያ አሰመርኩ።